ይሉኝታ የመሰለን እምቢታ

ሬንተን፣ አሜሪካ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ኃይለ መስቀል፤

የቆላው ሙቀትና ትንኝ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ልጅዎ ሣህሊቱ ከእግሬ ድካም በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤዎ በሁለት ወር ከሳምንቱ ደረሰኝ። ፖስታው በጭቃ ተለውሶ ስለነበር አብራኝ የምትኖረው የሐረሯ ልጅ ነጂባ «አጎትሽ ወንዝ ዋኝተው ነው እንዴ ፖስታ ቤት ያደረሱት?» ብላ ስቃብኛለች። ለጤና ጣቢያዎ አዲስ ማዋለጃ ክፍል የጠየቁኝን የላስቲክ ጓንት አራት ካርቶን ገዝቼ ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ሰጥቻለሁ። አዲስ አበባ እናቴ ተቀብላ ትልክልዎታለች። ክፍሉ መመረቁን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ሥራ ቦታ ላገኘሁት ሁሉ ስነግር ዋልኩ። ዳንግላ ሳሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቁጭ ባልኩበት ዓመት፣ መርፌ እየቀቀልኩ ሳቀብልዎ «አንድ ቀን አልጋ ያለው ማዋለጃ ይኖረኛል» ይሉኝ አልነበር?

እኔ እስከ ዛሬም የእርስዎው ተማሪ ነኝ። ሲያትል ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ሆኛለሁ፤ ማለት ሕመምተኛ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የአሜሪካ መግቢያ ዕጣው ደርሶኝ ስመጣ ዘመድ ሁሉ «ዶክተር ሆነሽ ትመለሻለሽ» ብሎ ነበር የሸኘኝ፤ እስካሁን ከአንሶላ መቀየር አላለፍኩም።

ከምጠብቃቸው ሰዎች አንዷ ሚስስ ሄንሪ ይባላሉ። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናቸው፣ እኛ በፊልም አይተን ቀይ ሕንድ የምንላቸው። ከሲያትል በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ለነባሮቹ ከተከለለ መሬት ነው የመጡት። ኩላሊታቸው ደክሟል። ፀጉራቸው ተጎንጉኖ እስከ ወገባቸው ይወርዳል። ብዙ አያናግሩም፤ እኔ ግን «ማማ» እላቸዋለሁ፣ የጠሉትም አልመሰለኝም።

እናቴ በስልክ ዝውውር ጠይቀዋል አለችኝ። ክፍሉ በተመረቀ በስምንት ወሩ ዝውውር? ምን ሆነው ነው? በቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሣህሊቱ


መተከል፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሊቱ፤

በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ። የጥቅምት ደብዳቤሽ በታኅሣሥ ገባ፤ የእኔ በቅሎ ትሻለዋለች። ጓንቱ ገና አልደረሰም፤ አያስቸኩልም። የሚጠቀምበት ከተገኘ መቼም ይደርሳል።

ዝውውር ለምን ጠየቅህ አልሽኝ። ሰው የማይመጣበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን እሠራለሁ? ከመስከረም ወዲህ ከጉሙዞቹ መንደር አንድ ሰው ደጃፌን አልረገጠም። ከደጋ መጥተው የሰፈሩት ይመጣሉ፤ እነሱ ግን አንድም ሰው። ኅዳር ላይ ወባው እንደ ሰደድ እሳት ተነሣ። አሥራ አንድ ሕፃን ቀበሩ። ኪኒኑ መደርደሪያዬ ላይ ተደርድሮ ነበር፣ ከመንደራቸው እስከ እኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አስተርጓሚዬን በሽርን፣ እሱ ራሱ የእነሱው ልጅ ነው፣ ልኬ ብለምናቸው «እንመካከራለን» ብለው መለሱት። ብመክር ብዘክር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

ነሐሴ ላይ አንዲት እናት ዘግይታ መጥታ ሞታብናለች። ኩርፊያው ከዚያ ወዲህ ነው። የዘገዩት እነሱ፣ የታማሁት እኔ።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ ከአራት መቶ በላይ ሕፃን በእነዚህ እጆች ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ያንቺም ሴትዮ አያናግሩም ብለሻል። ያ ትልቅ አገር ከነባር ሰዎቹ ጋር የሚግባባበት ዘዴ ቢኖረው ነውና ጠይቀሽ ጻፊልኝ። መጪው ዓመትም ወባ አለው። ያን ጊዜም ካልመጡ የሚቀበሩት አሥራ አንድ ብቻ አይሆኑም።

አጎትሽ ኃይለ መስቀል


ሬንተን፣ የካቲት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኃይለ መስቀል፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስለ ሕፃናቱ ሳነብ ደብዳቤውን ሁለቴ አስቀምጬ አነሣሁት።

የጠየቁኝ ዘዴ ነው። እኔ ዘዴ የለኝም። ያለኝ ጥፋት ነውና እሱን ልጻፍልዎ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እርስዎም አይንገሯት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሚስስ ሄንሪ ብሶባቸው ተመልሰው ገቡ። ብዙ ቀን ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ ስለተኙ ፀጉራቸው ከበስተኋላ ተቋጥሮ ተያይዟል። ደማቸው የሚታጠብበት ቱቦ በማግስቱ አንገታቸው ላይ ሊገባላቸው ነበርና ነርሷ «ፀጉሩ ንጹሕ ይሁን» ብላኝ ሄደች። ቁረጪ አላለችኝም። ሞቅ ያለ ውሃ አመጣሁ፤ ማበጠሪያው አልሄድ አለኝ፤ መቀስ አነሣሁ። «ኖ» አሉኝ። «ኦኬ ማማ፣ ትንሽ ብቻ» አልኳቸው። እጄን ገፋ አድርገው «ኖ» አሉ። ሦስተኛውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው ያሉት።

ጋሼ፣ በዚያች ሰዓት ልቤ በርኅራኄ ተሞልቶ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ» ብለን እናጎርሰዋለን እንጂ። «ትበላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። አያቴ በታመመች ጊዜ «ተዉኝ፣ አትድከሙብኝ» እያለች አይደለም እንዴ ያጠብናት? መጀመሪያ እምቢ ማለት የትልቅ ሰው ወግ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ሚስስ ሄንሪም እኔን ላለማድከም ይሉኝታ ይዟቸው ነው አልኩ። እስከ አንገታቸው ድረስ ቆረጥኩት። የቆረጥኩትን ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት። አጥቤ ስጨርስ «አሁን አማረብዎ» አልኳቸው። አላዩኝም።

ልጃቸው በማግስቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እናቷን አየችና «ማን ሞተ?» አለች።

በእነሱ ቤተሰብ ፀጉር የሚቆረጠው የቅርብ ሰው ሲሞት ነው። የተቆረጠውም አይጣልም። እሷ የቆረጠው ሆስፒታሉ መሆኑን እስክትረዳ ድረስ ከወንድሞቿ አንዱ ሞቶ የደበቋት መስሏት ነበር። መርዶ የምናውቅ ሰዎች ነንና ፊቷ እንዴት እንደሆነ ልነግርዎ አያስፈልገኝም።

ሱፐርቫይዘሬ የይቅርታ ደብዳቤ ልትጽፍ ፈለገች። ልጅቱ ወረቀት አልፈልግም ብላ ከሕዝባቸው ሽማግሌዎች መካከል አንዲት ሴት ይዛ መጣች። ሁላችንም አንድ ክፍል ተቀመጥን። ሐኪሙ ስለ ንጽሕና ደንብ ረጅም ተናገረ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቁትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለችሽ?»

«ኖ አሉኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«በእኛ አገር…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። እሳቸው አልተቆጡኝም። «እኛ መቶ ዓመት ሙሉ ኖ ስንል ለእናንተው ጥቅም ነው እየተባልን ኖርን» አሉ። «ልጆቻችንን ከቤት ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገቧቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ፀጉራቸውን መቁረጥ ነበር። ይህችን ሴት የቆረጧት ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ።»

ሚስስ ሄንሪ ቱቦውን አላስገባም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሚለምናቸው ሁሉ ሲለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሞቱ። ከሥራ አላባረሩኝም፤ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎና አይቆጡኝ። እርስዎ ስለ አንድ እግር ቁስል ሦስት ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት። ስለዚያች እናት የጻፉልኝ ግን አንድ መስመር ነው። ምንድን ነው የሆነችው?

ልጅዎ ሣህሊቱ


መተከል፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሣህሊቱ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ። የየካቲቱ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ሴትዮዋ አዝኛለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሥራ ነው፣ ያጋጥማል።

የአንቺ ፀጉር ነው፤ የእኔ ነፍስ ነው። አይወዳደርም። መርፌ መቀቀል ያስተማርኩሽ ልጅ ከባሕር ማዶ ሆና እኔን ትመርምረኝ? ዘግይታ መጣች ብያለሁ፤ ሪፖርቱም ለዞን ሄዷል፣ ማኅተም አርፎበታል። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አትጻፊልኝ። ስለ ራስሽ ጻፊ፣ ትዳርም አስቢ።

ጓንቱ ደርሷል፤ ተመስገኚ። ዝውውሬ አልተፈቀደም።

ኃይለ መስቀል


ሬንተን፣ ሰኔ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከተቆጡበት ቦታ ይድረስዎ። አትጻፊልኝ ብለውኛል፤ ጻፍኩ። ነጂባ ደብዳቤዎን አንብባ «እኚህ ሰውዬ የተቆጡት በራሳቸው ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

በግንቦት የሚስስ ሄንሪን ልጅ ለማየት ሄድኩ። በአውቶብስ ሦስት ሰዓት ነው። ሱፐርቫይዘሬ «አትሂጂ፣ የሕግ ነገር ይመጣል» ብላኝ ነበር። ልጅቱ በር ከፈተችልኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም። ደጅ ቆሜ ተናገርኩ። በልቤ ይዤው የሄድኩት ስለ ወጋችን፣ ስለ ይሉኝታ ማስረዳት ነበር። ፊቷን ሳይ ሁሉንም ተውኩትና «እምቢ ብለውኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ቆረጥኩ» አልኳት።

«ይቅርታሽን አልቀበልም» አለችኝ። «ግን መጥተሽ በአፍሽ ተናግረሻል። እስከ ዛሬ ከዚያ ሆስፒታል እዚህ ድረስ የመጣ ሰው የለም።» በሩን ዘጋችው።

ከሳምንት በኋላ ያች ሽማግሌ ሴት ወደ ሆስፒታሉ ተመልሰው መጡ። አሁን በየወሩ ይመጣሉ። የእነሱ ሰው ሲገባ ማን ሊነካው እንደሚችል፣ ምን እንዳይደረግበት እንደሚፈልግ፣ ከሁሉ በፊት ተጠይቆ አልጋው ላይ ይጻፋል። እኔም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ ትልቅ ሰውን «ልንካዎ?» ብሎ መጠየቅ እንደ መሳደብ ነው የሆነብኝ። ይህ ሁሉ ለሚስስ ሄንሪ አልደረሰላቸውም።

ጋሼ፣ ያች ሴት ምን እንደሆነች አላውቅም። እርስዎ ግን ያውቃሉ። መንደሩም ያውቃል። የማያውቀው ዞን ብቻ ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይመጣል። እባክዎ ቀድመው ይሂዱ።

ልጅዎ ሣህሊቱ


መተከል፣ ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሊቱ፤

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የሰኔው ደብዳቤሽ በነሐሴ ነው የደረሰኝ። ሁለት ወር ያህል ሳልመልስ የቆየሁት አኩርፌ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ሪፖርቱ ውሸት ነው። ዘግይታ አልመጣችም።

የጉሙዝ ሴት ቤት ውስጥ አትወልድም። የወሊድ ደም ቤት ውስጥ ከፈሰሰ በቤቱ ሰዎች ላይ ጥፋት ያመጣል ይላሉ፤ ስለዚህ ወደ ጫካው ወጣ ብላ ትወልዳለች። እኔ ይህን በመጣሁ በሳምንቴ ሰምቻለሁ። ሰምቼም አልጋ ያለው፣ ጣራ ያለው፣ በር ያለው ክፍል አሠራሁ። በስድስት ወር አንዲት ሴት አልወለደችበትም። ከዞን በየወሩ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ በየወሩ ዜሮ እጽፋለሁ።

ያች ልጅ በጠዋት ነው የመጣችው፤ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነበር። አማቷ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጠቻትና «እዚህ እርዳት» አለችኝ። እዚህ፣ ውጭ ማለቷ ነው። እኔ «አስገቧት» አልኩ። በሽር ልጅቱን ጠይቆ «አይሆንም ትላለች» አለኝ። «ፈርታ ነው፤ ንገራት» አልኩት። «አይሆንም ትላለች ጋሼ» አለኝ ደግሞ። ሦስተኛውን እሱም አልተረጎመልኝም፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ልጅ ናት፣ ታፍራለች፣ ኋላ ትመርቀኛለች አልኩ። ከዘበኛው ጋር ተሸክመን አስገባናት። ልንገርሽ፣ ግማሹ ርኅራኄ ነበር፤ ግማሹ ሪፖርት ነበር።

ወንድ ልጅ ወለደች። በደህና ነው የወለደችው። እኔ እምብርቱን አስሬ ስጠቀልለው እሷ ደሙ ወለሉ ላይ ሲወርድ አየችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ በጓሮ በር ወጣች። ተከተልኳት። ዛፉ ሥር ከአማቷ እቅፍ ወድቃለች፤ ደሙ አልቆመም። ደም ማቆሚያው መርፌ በእጄ ላይ ነበር፣ ሣህሊቱ። ተሞልቶ በእጄ ላይ ነበር። ሃያ እርምጃ ሄጄ መውጋት ነበረብኝ። እኔ ግን ደጃፍ ላይ ቆሜ «መልሷት! አስገቧት!» እያልኩ ጮህኩ። ዛፍ ሥር ከወጋሁ ክፍሉ ምን ሊሆን ነው? እልህ ያዘኝ። መጨረሻ ስሄድ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

የአንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። «የአንቺ ፀጉር ነው» ብዬሽ ነበር፤ በዚያ ቃሌ አፍሬያለሁ። መስከረም 25 ቀን ከበሽር ጋር ወደ መንደሩ ሄድኩ። ዘበኛው ጠመንጃ ይዤ ልከተልዎ ቢለኝ ከለከልኩት። ባልየው ሊገድለኝ መብት አለው ብዬ ነው የሄድኩት። ከዚያ በፊት የተናዘዝኩት ለበሽር ብቻ ነበር፤ እሱም «እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ» ብቻ ነው ያለኝ።

ባልየው፣ አማቷና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሰሙኝ። ሰበብ አልጨመርኩም። እምቢ አለች፣ ሰማሁ፣ በግድ አስገባኋት አልኩ። መርፌው በእጄ ነበር፣ አልወጋሁም አልኩ። ውሸት ጻፍኩ አልኩ። ክፍሉን እንደምዘጋው፣ ከእንግዲህ የምትመጣ ሴት በመረጠችው ቦታ እንደምረዳት ነገርኳቸው። ባልየው ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ አማቷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ በሽር ተረጎመው።

«ስሟ ማን ነበር?»

መዝገቡ ላይ «ጉሙዝ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት ገደማ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ስሟን አልጠየቅሁም። አራት መቶ አዋለድኩ እያልኩ የምፎክር ሰውዬ «አላውቀውም» አልኳት።

«ስሟን ሳትጠይቅ ተሸክመህ አስገባሃት» አለችኝ አሮጊቷ። «አሁንም ስሟን ሳትጠይቅ ይቅርታ ልትወስድ መጣህ። ስሟን ይዘህ ና።» ተነሥተው ሄዱ።

በመንገድ በሽርን ለመንኩት፤ ያውቀዋል። «መንገር የእነሱ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለዞን እውነቱን ጽፌ ልኬያለሁ፤ ከሥራ እንደሚያግዱኝ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው እስኪመጣ ግን እዚህ ነኝ።

በየጠዋቱ ኪኒን ይዤ መንደሩ ዳር እቀመጣለሁ። ወደ ውስጥ አልገባም፣ አልጣራም። ለሚያልፈው ሁሉ ስሟን እጠይቃለሁ፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። ወባው ገብቷል። ትናንት ሁለት ሕፃን ቀበሩ፤ ከተቀመጥኩበት ይታይ ነበር። በሽር እንደነገረኝ አንደኛው ያ እምብርቱን ያሰርኩለት ልጅ ነው።

የእሱንም ስም አላውቅም።

አጎትሽ ኃይለ መስቀል